የሲስተር አትጠገብ አምስት ወራት

ሲስተር አትጠገብ ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከሳምንት በኋላ ነው፤ እሱም ገበያ መሐል። ድሮ ሆስፒታል ሳለን ክፍላችንን ታጸዳ የነበረች ሴት ሽንኩርት ስትመርጥ አገኘችኝና፣ "የሲስተርን ነገር ሰምተሻል መቼም" አለችኝ። "የምኑን?" አልኋት። "ዐርፈዋል እኮ" ብላ ሽንኩርቷን መምረጥ ቀጠለች። ተናደድሁባት። ምነው ሰው አትልኩብኝም ብላት፣ "ቤትሽን ማን ያውቀዋል? እኛን መጥተሽ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?" ብላ አፌን አስያዘችኝ። ቀብሩ ላይ እነማን ነበሩ አልኋት። እድርተኛውና የዓባይ ማዶ ጎረቤቶቻቸው ነበሩ፣ ዘመድ ነኝ ብሎ ፊት የቆመ ግን አልነበረም አለችኝ። ባዶ ዘንቢሌን ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። የተናደድሁት በማን እንደሆነ መንገድ ላይ ገባኝ።

ሲስተርን ያወቅኋቸው በደርግ ጊዜ ነው። እኔ ዳንግላ ተወልጄ ያደግሁ፣ ከነርስ ትምህርት ቤት ገና የወጣሁ ልጅ ነበርሁ። ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ካለ ሆስፒታል መድበውኝ የማዋለጃና የሕፃናት ክፍል ገባሁ። የክፍሉ ኃላፊ እሳቸው ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሻሻቸው ከግንባራቸው ዝንፍ የማይል ሴት ናቸው። የመጀመሪያ ቀን ልጨብጣቸው የዘረጋሁትን እጅ ተቀብለው ገለበጡና ጥፍሬን አዩ። "ይህን ቆርጠሽ ነይ፤ ከዚያ ሰላም እንባባላለን" አሉኝ። ቆርጨ መጣሁ። ሰላም ያሉኝ ግን በሦስተኛው ቀን ነው።

ሲያስተምሩ መጽሐፍ አይጠቅሱም። ልጅ ተወልዶ አፉንና አፍንጫውን ስጠርግ ካዩ ከኋላዬ መጥተው ይቆማሉ። "አፉን አስቀድሚ። አፍንጫውን መጀመሪያ ከነካሽው ይደነግጣል፤ ሲደነግጥ አየር ይስባል፤ ሲስብ አፉ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳንባው ይገባል። አፍ፣ ከዚያ አፍንጫ።" ዓይኑን ስጠርግለት ደግሞ ከአፍንጫው በኩል ጀምሬ ወደ ጆሮው፣ አንድ ጥጥ ለአንድ ጊዜ ብቻ። በግራው የጠረግሁበትን ጥጥ ወደ ቀኙ ያመጣሁ ቀን እጄን ቸብ አደረጉኝ። "ዓይን ከዓይን ጥጥ አይዋስም" አሉኝ። እስከ ዛሬ የልጅ ልጆቼን ፊት ሳጥብ ይህችን ቃል እላታለሁ፤ ልጆቹ አያታችን ጃጀች ብለው ይሣቃሉ።

ከሁሉም ግን የአክታ አሳሳባቸው ነው ከሐሳቤ የማይወጣው። ጉሮሮው ለተዘጋ ሰው ቀጭን ጎማ አስገብተን አክታውን በመምጠጫ እንስብለታለን፤ ጎማው ውስጥ ባለ ጊዜ ሰውየው አየር አያገኝም። ሲስተር ጎማውን ሲያስገቡ የራሳቸውን ትንፋሽ ይይዛሉ። "አንቺን ሲጨንቅሽ እሱንም ጨንቆታል፤ ያን ጊዜ አውጪ። ሰዓት ምን ያደርግልሻል? ደረትሽ አለልሽ አይደል" ይሉ ነበር። ትንፋሽ ይዘው ከንፈራቸውን ገጥመው ሲሠሩ ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁሉ ሳናውቀው ትንፋሻችንን እንይዝ ነበር።

ቅቤ የሚያመጡ ባልቴቶችን ጉድ ያደርጓቸው ነበር። ባገራችን አራስ ልጅ አንጀቱ እንዲለሰልስ ተብሎ ቅቤ ይላሳል። ሲስተር ቅቤው ወደ ሳንባው ገብቶ የሞተ ልጅ በእጃቸው ታቅፈዋል። ስለዚህ አያትየዋ ቅቤዋን ከጉያዋ ስታወጣ፣ "ይባርክልሽ እናቴ" ብለው በሁለት እጃቸው ተቀብለው ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆልፉታል። አራሷ ወጥታ ስትሄድ ይመልሱላትና፣ "ይኸው ቅቤሽ፤ አናትሽን ተቀቢበት፤ የልጁን አፍ ለጡት ተይለት" ይሏታል። እሳቸውን የሚሰድቡ አያቶች ብዙ ነበሩ።

በየሳምንቱ ሠራተኛው አዳራሽ ተሰብስቦ ውይይት የሚባል ነገር ነበር። አንድ ቀን ካድሬው ስለ ምርት ኃይሎች ሲያስረዳ አዋላጇ በሩን ገፋ አድርጋ ሲስተርን በዓይኗ ጠራቻቸው። ተነሡ። "ጓድ፣ ወዴት ነው?" አለ ካድሬው። "ልጅ ሊወለድ ነው" አሉ። "ስብሰባው አላለቀም እኮ።" "አብዮቱ ይጠብቀኛል፤ ልጁ አይጠብቀኝም" ብለው ወጡ። እኔ ወንበሬ ላይ ደርቄ ቀረሁ። በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር ታስሮ የቀረ ሰው አውቃለሁ። ልጁ ጠቁሮ፣ ትንፋሽ ሳይኖረው ተወልዶ ኖሮ፣ አፉን ከዚያ አፍንጫውን ስበው፣ ጀርባውን አሽተው አስለቀሱት። በሚቀጥለው ሳምንት ግለ ሂስ አድርጊ ተባሉ። ቀጥ ብለው ቆመው፣ "ጥፋቴ ስወጣ በሩን ማንጓጓቴ ነው፤ ሁለተኛ ቀስ ብዬ እዘጋዋለሁ" ሲሉ አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ። ካድሬውም ሣቀ፤ እሳቸው ግን አልሣቁም።

ሰው አልነበራቸውም። የሚኖሩት ግቢው ጫፍ ላይ፣ ከሐይቁ በኩል ባለች አንዲት ክፍል ነው። ባል አግብተው ልጅ ስላልወለዱ ተለያዩ ይባላል፤ እሳቸው አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ሠራተኛው ለበዓል ሲጠራቸው "ተረኛ ነኝ" ይላሉ። የተረኛውን ዝርዝር የሚያወጡት ራሳቸው ስለሆኑ እውነትም ሁልጊዜ ተረኛ ናቸው። አንድ የገና ዕለት ምሳ ይዤላቸው ሄድሁ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ሳህኑን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ መስኮት መስኮቱን እያዩ ደረቅ እንጀራ ይበላሉ። ያመጣሁትን ተቀብለው አመስግነው በር ላይ አቁመው ሸኙኝ።

ትርንጎ የመጣችው በኅዳር ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ናት፤ አባቷ ዘጌ ውስጥ ቄስ ነው። እናቷ ወይዘሮ እንጉዳይ በጀልባ አሻግራ፣ አዝላ ስታስገባት የልጅቱ ትንፋሽ ከበሩ ይሰማ ነበር። ዘጊ አነዳ የሚባለው በሽታ ጉሮሮዋን ዘግቶታል። ዶክተሩ አንገቷን ከፊት ለፊት ቀዶ የብረት ቱቦ አስገባላትና በዚያ መተንፈስ ጀመረች። ቱቦው ድርብ ነው፤ ውስጠኛው ወጥቶ ይታጠባል፣ ይቀቀላል፣ ተመልሶ ይገባል። በሽታው ለቀቃት፤ ጉሮሮዋ ግን ጠባሳ ሠርቶ ጠበበና ቱቦው ሊወጣላት አልቻለም። አየሩ በቱቦው ስለሚወጣ ድምፅም የላትም። ዶክተሩ፣ "ስታድግ አዲስ አበባ ልከን ትታከማለች። እስከዚያው እናትየው ማጽዳቱንና መሳቡን ትማር። ስትችል ሲስተር ይነግሩኛል፤ ያን ጊዜ ልጅቱ ቤቷ ትሄዳለች" አለ። ነገሩ ሁሉ በሲስተር እጅ ገባ ማለት ነው።

እንጉዳይ ቤት ውስጥ ሌሎች ሦስት ልጆች ስላሏት ቅዳሜ ቅዳሜ ሎሚና ጌሾዋን ለገበያ ይዛ በጀልባ ትመጣለች። ሁለት ሌሊት አልጋው ሥር ተኝታ ሰኞ ትመለሳለች። በቀረው ቀን ትርንጎ የሲስተር ነበረች። የምትፈልገው ነገር ሲኖር አልጋዋን በማንኪያ ትመታለች። ማንኪያው ሲሰማ ሲስተር የያዙትን ለኔ አስይዘው ይሮጣሉ። ለአንገቷ ጋዝ ከሚባለው የቁስል ጨርቅ ነጭ መሸፈኛ ሰፉላት። ፀጉሯን ጎነጎኑላት። ከሰሜኑ ጦር ግንባር የሚመጣው ቁስለኛ በዝቶ የክፍላችን ግማሽ ሲወሰድብን ደግሞ፣ "አልጋ ስለጠፋ ነው" ብለው ወደዚያች ክፍላቸው ወሰዷት። አንድ ከሰዓት በዚያ ሳልፍ ዘፈን ሰማሁ። ሲስተር ይዘፍናሉ፤ ልጅቱ በማንኪያዋ ትመታላቸዋለች። እኔ ልሙት፣ መጀመሪያ ሬዲዮ መስሎኝ ነበር።

እንጉዳይ ቅዳሜ ስትመጣ ግን ሲስተር ሌላ ሰው ይሆናሉ። ፈተና ነው። እጅሽን ታጠቢ ይሏታል፤ ውስጠኛውን ቱቦ ታወጣለች፤ ታጥባለች፤ ትልቅ ሲሪንጅ ጫፍ ላይ በተገጠመው ጎማ አክታ ትስባለች፤ ትመልሳለች። መጀመሪያ ሰሞን ቱቦውን ስትመልስ ትስተው ነበር። በጥርም በየካቲትም እያሻሻለች ሄደች። በየካቲት መጨረሻ የሠራችውን ቆሜ አየሁ፤ ከኔ ትሻል ነበር። ሲስተር፣ "ትንፋሽሽን ቶሎ ለቀቅሽ። ገና ነሽ" አሏት። ቶሎ አለመልቀቋን እኔ አይቻለሁ። ሲስተርም ዓይኔን አዩት። በሚቀጥለው ሳምንት "እጅሽን ቀሚስሽ ላይ ጠረግሽው፤ ገና ነሽ" አሏት። ከዚያ በኋላ ደግሞ "በር በር አየሽ።" እንጉዳይ፣ "እሺ ሲስተርዬ፤ እርስዎ ያውቃሉ" ብላ ሎሚዋን አስቀምጣላቸው ትሄዳለች።

አንድ ቀን ደፈር ብዬ፣ "ሲስተር፣ ይህች ሴት የቻለች አይመስልዎትም?" አልኋቸው። "ቤታቸው ውሃ ዳር ነው" አሉኝ። "አንገቷ ላይ ቀዳዳ ያለባት ልጅ ብትወድቅ ውሃው በቀጥታ ሳንባዋ ነው የሚገባ። ጉንፋን ቢይዛት ጀልባ እስኪመጣ ማን ይደርስላታል? አንቺ ትደርሺላታለሽ?" የሚሉት ሁሉ እውነት ነበር። ችግሩም ይኸው ነው፤ ሐሰት ቢሆን ኖሮ እከራከራቸው ነበር። ደግሞ ልናገረውና፣ እኔም አልከፋኝም። ሲስተር ከሣቁ ወዲህ ክፍላችን ደስ ይል ነበር፤ ቁጣቸው ቀንሶ፣ አንዳንዴ ከኔ ጋር ተቀምጠው ሻይ ይጠጡ ጀመር። መጋቢት አለፈ፣ ሚያዝያ አለፈ፣ እኔም አፌን ዘግቼ ተቀመጥሁ። ሰኔም ገብቶ ወጣ።

በሐምሌ አንድ ሰኞ ጠዋት እንጉዳይ "ገና ነሽ" ተብላ ስትመለስ ልጅቱ ከሲስተር እጅ አመለጠች። እኔ መድኃኒት ይዤ ግቢውን ሳቋርጥ ነበር። ትርንጎ በጭቃው ባዶ እግሯን ወደ አጥሩ በር ትሮጣለች፤ አፏን ከፍታ ታለቅሳለች፤ ድምፅ ግን የለም። ከአንገቷ ትንፋሽ ብቻ ፉት ፉት ይላል። እናቷ ከፊቷ ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቃ፣ ዘንቢሏን ተሸክማ፣ ለጀልባው እየቸኮለች ትሄዳለች። ልጇ ከኋላዋ እየጮኸች ነው፤ እሷ አልሰማችም፤ አልዞረችም። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ፤ ድምፅ ግን ይገድ ኖሯል። ዘበኛው ልጅቱን አንሥቶ ለሲስተር ሰጣቸው። ሲስተር እያባበሉ ሲያስገቧት በአጠገቤ አለፉ፤ አላዩኝም ወይም አይተው አላዩኝም። በዚያው መድኃኒቱን አስቀምጨ ዶክተሩ ዘንድ ገባሁና፣ "የትርንጎ እናት ችላለች። እርስዎ ራስዎ ይዩዋት" አልሁ።

ዶክተሩ ቅዳሜን ጠብቆ መጣ። እንጉዳይ ሰውየውን ስታይ ትደነግጣለች ብዬ ፈራሁ፤ አልደነገጠችም። እጇን ታጠበች፤ ቱቦውን አወጣች፤ ጉንጯን ነፍታ ትንፋሿን ያዘች፤ ሳበች፤ አወጣችና ለቀቀች። ልጅቱ እጇ ውስጥ አልተንቀሳቀሰችም። ዶክተሩ ወደ ሲስተር ዞሮ፣ "ትችላለች" አለ። "አዎ፣ ትችላለች" አሉ ሲስተር። "ከመቼ ጀምሮ?" አላቸው። እኔ ወለሉን አየሁ። ሊዋሹት ይችሉ ነበር፤ ማን ያጋልጣቸዋል? ዓይኑን እያዩ፣ "ከየካቲት ጀምሮ" አሉ። ዶክተሩ ካርዱ ላይ ፈርሞ ወጣ። እንጉዳይ ምን እንደተባለ የገባት አይመስለኝም፤ ወድቃ የሲስተርን ጉልበት ሳመች።

ሲስተር ያን ቀን ትርፍ ቱቦ ሲቀቅሉ፣ ጋዝ ሲቆርጡ፣ ሁሉንም በቆርቆሮ ሣጥን ሲያሰናዱ ዋሉ። እናትና ልጅን ጀልባው ድረስ የሸኘሁ እኔ ነኝ፤ ሲስተር አልመጡም። "ውሃ ዳር ብቻዋን እንዳትለቂያት በያት" ብቻ አሉኝ። ትርንጎ እናቷ ጀርባ ላይ ሆና እጇን ታወዛውዝልኝ ነበር። ስመለስ ሲስተር ክፍል ውስጥ አልጋ ያነጥፋሉ። ማን እንደነገረ አልጠየቁኝም። አልተቆጡኝም፤ ከኔ ጋር ሻይ መጠጣት ግን ተዉ።

በታኅሣሥ መጀመሪያ እንጉዳይ መጣች። ቅዳሜ አልነበረም። ጥቁር ለብሳለች፤ ራሷን ተላጭታለች። ያችን የቆርቆሮ ሣጥን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ከፈተቻት። ቱቦው፣ ሲሪንጁ፣ ጎማው፣ ሁሉም ተቀቅሎ፣ ተጣጥፎ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሏል። "ለሌላ ልጅ ይሁን ብዬ ነው" አለች። ጉንፋን ነበር የጀመራት፤ አክታው ወፈረ፤ ሐይቁ ነፋስ ይዞት ጀልባ አልተነሣ አለ። "ሳብሁላት ሲስተርዬ። ትንፋሼን ይዤ ሳብሁላት፤ ለቀቅሁ፤ ደግሞ ያዝሁ። እጄን አልጠረግሁም። እንዳሉኝ ነው ያደረግሁ።" ሲስተር፣ "አውቃለሁ። በደንብ ነው ያደረግሽ" አሏት። እንጉዳይ እንባዋን ጠርጋ፣ "መስቀልን አየችልኝ። ከእኅቶቿ ጋር ደመራ ዞራለች። አራት ወር ቤቷ ኖረችልኝ፤ እግዜር ይስጥዎ" አለች።

ሲስተር ጀልባው ድረስ ሸኟት። ሲመለሱ እኔ እቃ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ቆሜ ነበር። ገቡና በሩን ዘጉ። አሁን መጣብኝ አልሁ በልቤ፤ አንቺ ነሽ የነገርሽ፣ እኔ ዘንድ ብትሆን አትሞትም ነበር ይሉኛል ብዬ ወገቤን አጠበቅሁ። እሳቸው ግን ጣቶቻቸውን ዘረጉና አንድ በአንድ ማጠፍ ጀመሩ። "መጋቢት። ሚያዝያ። ግንቦት። ሰኔ። ሐምሌ።" የተጨበጠውን እጃቸውን እያዩ፣ "ቤቷ የኖረችው አራት ወር ነው፤ እኔ አምስት ወር ወሰድሁባት። የእናቷን አምስት ወር ብቻዬን በላሁት ሙሉ" አሉኝ። ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ያኔ ነበር መናገር የነበረብኝ። ብቻዎን አይደለም ሲስተር፣ እኔም ከየካቲት ጀምሮ አውቅ ነበር፣ እርስዎ ሲሥቁልኝ ደስ ብሎኝ ነው አፌን የያዝሁ ማለት ነበረብኝ። እሳቸው ዘንድ እውነት የተናገረችዋ ደፋር ልጅ እኔ ነበርሁ፤ ያን ስም ማጣት አልፈለግሁም። "አይዞዎት ሲስተር" ብቻ አልኋቸው። ፊታቸውን ታጥበው፣ ሻሻቸውን አስተካክለው ወደ ሥራቸው ወጡ።

በዓመቱ ራሳቸው ጠይቀው ወደ ዓይን ክፍል ተዛወሩ። እዚያ የሚመጣው አብዛኛው ትልቅ ሰው ነው፤ ቅባቱን አስገብቶ ይሄዳል፤ አልጋ ይዞ የሚቆይ የለም። ጡረታ ሲወጡ ዓባይ ማዶ አንዲት ክፍል ተከራዩ። እኔም አንዳንድ በዓል ሲሆን እሄድ ነበር፤ መጀመሪያ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ኋላ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ። እንቀመጣለን፤ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ጉልበታችን ሕመም እናወራለን። አንድ ጊዜ ያለ ምንም መነሻ፣ "አንቺ እኮ በጊዜው ተናገርሽ" አሉኝ። ዛሬ ነው ብዬ አፌን ከፈትሁ። ጎረቤት መጣች፤ ወሬው ተቀየረ፤ እኔም ደስ አለኝ።

በጊዜው አልተናገርሁም። አምስት ወር አብሬአቸው ዝም ብያለሁ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ይህን ሁሉ ዓመት ጥፋቱን ብቻቸውን ተሸክመውት ሲኖሩ እያየሁ ዝም ብያለሁ። አንድ ቃል ብተነፍስ ለሁለት እንይዘው ነበር። ሳልነግራቸው ሞቱ።